«ኦሪጅናሉን ስጡኝ» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ፓተንትና ስለ ጀነሪክ መድኃኒት



ከሚዛን፣ ከቴፒና ከአካባቢው ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ ስሙም ካርቶኑም ተቀየረ፣ ዋጋውም ረከሰ። ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» ዛሬ እሱን እንይ።

✅ ፓተንት ምንድን ነው?
አዲስ መድኃኒት ያገኘ ኩባንያ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲያመርትና እንዲሸጥ የሚሰጠው የሕግ መብት ነው። በብዙ አገሮች ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ 20 ዓመት ነው። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የሚሰጠው 15 ዓመት ሲሆን፣ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው።

ልብ በሉ! ፓተንቱ አለቀ ማለት መድኃኒቱ ኤክስፓየር አደረገ ማለት አይደለም። ያለቀው የኩባንያው ብቸኛ መብት ነው።

✅ ጀነሪኩ ለምን ይረክሳል?
ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ንጥረ ነገር፣ በዚያው መጠን ያመርታሉ። ትልቁን የምርምር ወጪ እንደገና አያወጡም፤ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን ማሳየት ይበቃቸዋል። ብዙ አምራች ሲወዳደር ደግሞ ዋጋ ይወርዳል። ለምሳሌ አምሎዲፒን መጀመሪያ የፋይዘር «ኖርቫስክ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ጀነሪኩ ገባ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ርካሽ ከሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

✅ ታዲያ ፓተንቱ ባለቀ ማግስት ቴፒ ለምን አይደርስም?
ገና ብዙ በር ስላለ ነው። አምራቹ ወይም አስመጪው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ግዢ ይፈልጋል፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ አለ።

አንዳንዴም የፓተንት ማለቅ ሳይጠበቅ በስምምነት ይመጣል። እኛ ጋ የወባን ክኒን ሁሉ «ኮአርተም» እንላለን አይደል? ኮአርተም የኖቫርቲስ የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ይባላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ ወባ ላለባቸው አገሮች የመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ትርፍ ማቅረብ ጀመረ። ኢትዮጵያም በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ አደረገችው። በኋላ የሕንድ ፋብሪካዎች ጀነሪክ በድርጅቱ ተመርምሮ አለፈ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሌላ ስም ብታዩ አትደንግጡ፤ የ3 ቀኑን 6 ጊዜ መድኃኒት ከምግብ ጋር ጨርሱ።

✅ ምን እናድርግ?
👉 የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ያዙ።
👉 ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት ግዙ፤ ከገበያ መደዳ አትግዙ። የአገልግሎት ጊዜውን እዩ።
👉 የሚጥል በሽታ፣ የዋርፋሪን ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ አምራቹ ሲቀየር ለሐኪማችሁ ንገሩ።
👉 ከተጠራጠራችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ ቡና ሲሸጥ ኦሪጅናሉን ገዝቶ፣ ብሩ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማቆም። ስትሮክ የቡና ወቅት አይጠብቅም። ዓመቱን ሙሉ የሚዋጥ ጀነሪክ፣ ለሦስት ወር ብቻ ከሚዋጥ ኦሪጅናል ይበልጣል።

መድኃኒት ለሚወስዱ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ። ጤናችሁ ይብዛ!