በታጠነ የወተት ዕቃ ውስጥ ስለሚከማች ጥቀርሻ

የወተት ዕቃን በወይራ ጭስ ማጠን በአገራችን ከጥንት የቆየ ልማድ መኾኑ የታወቀ ነው። ጭሱ ለወተቱና ለእርጎው መልካም መዐዛ ከመስጠቱም በላይ፥ በውስጡ ያሉት ፌኖል የተባሉት ንጥረ ነገሮች አያሌ ተሐዋስያንን ያዳክማሉ። ስለዚህ ልማዱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሳይታጠቡ ማጠንን ነው።

ወተቱ ከተቀዳ በኋላ ስቡና ፕሮቲኑ በዕቃው ግድግዳ ላይ በስሱ ተለጥፎ ይቀራል። በዚህ ላይ ጭስ ሲገባበት ጥላሸቱ ከስቡ ጋራ ተጣብቆ ጥቁር ቅርፊት ይኾናል፤ በማግሥቱም ሌላ ወተትና ሌላ ጭስ ይደረብበታል። ጭስ የሚደርሰው እስከ ላይኛው ገጽ ብቻ ስለ ኾነ ከቅርፊቱ ሥር የተሸሸጉት ተሐዋስያን ሳይነኩ ይኖራሉ፤ አዲስ ወተት ባገኙ ጊዜም ይራባሉ። ከዚህ የሚመጣው ተቅማጥ ጡት የጣለውን ሕፃን ከኹሉ ይልቅ ይጎዳል። ከዚህም ሌላ በጥቀርሻው ውስጥ ካንሰርን የሚያመጡ ነገሮች ስለሚገኙ ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ወደ ወተቱ መግባቱ መልካም አይደለም።

አንዳንድ እመቤቶች «ዕቃው ሸቷል፥ እንጠነው» ይላሉ። ነገር ግን የወይራው መዐዛ የኮመጠጠውን ሽታ ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። መምህራን ይህንን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ በታጠነው ቅል ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምረው ሩብ ሰዓት ያህል ከድነው ያቆዩት፤ ከዚያም ነቅንቀው በብርጭቆ ይቅዱት። ስብ ቢንሳፈፍበት ወይም ውሃው ቢደፈርስ ዕቃው ሳይጸዳ እንደ ታጠነ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ።

አጠባው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ወተቱ እንደ ተገለበጠ፥ ሳይደርቅ፥ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል፤ የፈላ ውሃ አስቀድሞ ከፈሰሰበት ፕሮቲኑን ከግድግዳው ጋራ ያጣብቀዋል። ከዚህ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ወይም ተጣርቶ በጠለለ የአመድ ውሃ ይታጠባል፤ አመድ ስብን የመፍታት ኀይል አለውና። የግራዋ ቅጠልም ሻካራ ስለ ኾነ ለመፈግፈግ ይረዳል። አንገቱ ጠባብ ለኾነ ቅል ደግሞ የታጠቡ ጠጠሮች ከሙቅ ውሃ ጋራ ጨምሮ መናጥ ቅርፊቱን ያራግፋል፤ ጠጠሮቹን ግን ሲያስገቡም ሲያወጡም መቍጠር ነው! የብዙ ወር ጥቀርሻ በአንድ ቀን ስለማይለቅ አጠባውን መደጋገም ያስፈልጋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አለቅልቆ አፉን ወደ ታች ደፍቶ በፀሐይ ማድረቅና ከዚያ ወዲያ ማጠን ይቻላል። ከታጠነም በኋላ ከሰሉንና ፍርፋሪውን በሚገባ ማራገፍ ይገባል።

«የቀረው ወተት ለእርጎው እርሾ ይኾናል» የሚሉ አሉ። ይህ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን እርጎውን ከሚያረጋው ጋራ በሽታ የሚያመጣውም አብሮ ይቀመጣል። ይልቁንስ ከትናንቱ መልካም እርጎ ጥቂት ማንኪያ ለይቶ አስቀምጦ፥ ተፈልቶ ለብ ባለ ወተት ላይ በጸዳ ዕቃ ውስጥ ቢጨምሩት እርጎው ይረጋል።

የተሰነጠቀ ቅልና ውስጡ የተፋቀ የፕላስቲክ ጀሪካን ግን ቢታጠቡም አይጠሩም፤ ለወተት ከማዋል ይልቅ አፉ ሰፊ የኾነ የብረት ዕቃ መግዛት ይሻላል።