ከመርዝ ጋዝ እስከ ካንሰር መድኃኒት

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በነበረው የኢትዮጵያ ጦር ላይ የመርዝ ቦምብ መጣል ጀመሩ። መርዙ የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ይፐሪት የሚባለው ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ካሰሙት አቤቱታ አንዱ ይኸው ነበር። የኢጣሊያ መንግሥት ድርጊቱን በይፋ ያመነው ግን ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ዛሬ በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች ለጡት ካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚህ መርዝ ዘመድ ነው ብንል አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል። ዝምድናው ግን እውነተኛ ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ ሞለኪውል መካከሉ ላይ ድኝ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ጫፋቸው ላይ ክሎሪን የያዙ ሁለት የካርቦን ክንዶች አሉት። በሰውነት ውስጥ ክሎሪኑ ሲላቀቅ ድኙ ከአንዱ ክንድ ካርቦኖች ጋር ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራል። የፊዚክስ ሰዎች ነንና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የካርቦን ትስስሮች የሚረጉት በ109 ዲግሪ ገደማ ተራርቀው ነው፤ በቀለበቱ ውስጥ ግን ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ ተጨምቀዋል። የተጨመቀ ሞላ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይዟል። ስለዚህ በኤሌክትሮን የበለጸገ ጎረቤት ሲያገኝ ቀለበቱ ተከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ምቹው ጎረቤት ጉዋኒን በሚባለው ክፍል ያለ አንድ የናይትሮጅን አቶም ነው። ሁለተኛው ክንድም እንዲሁ ሲያደርግ ሁለቱ የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች እርስ በርስ ይሰፋሉ። ሕዋስ ለመከፈል ክሮቹን መለያየት ይኖርበታል፤ ስፌቱን መፍታት ካልቻለ ይሞታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ጋዝ የተጎዱ ወታደሮች ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ማነሳቸውን ሐኪሞች አስተውለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን ድኙ በናይትሮጅን የተተካበትን ውሁድ ካጠኑ በኋላ የሊምፍ ካንሰር የጸናበት አንድ ሰው ታከመበት። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ ሆኖም ተመልሶ አደገና ሕመምተኛው ሞተ። የጦር ምሥጢር በመሆኑ ውጤቱ እስከ 1946 አልታተመም።

በ1950ዎቹ በጀርመን የተሠራው ሳይክሎፎስፋማይድ የሚነቃው በጉበት ውስጥ ሲያልፍ ነው። ሲነቃ አክሮሊን የተባለ ውሁድም ይወጣል። ይህ የሽንት ፊኛን ስለሚያቆስል ሕሙማን ብዙ ፈሳሽ እንዲጠጡ ይታዘዛል።

መድኃኒቱ ካንሰርን ከጤነኛ ሕዋስ ለይቶ አያውቅም። ይበልጥ የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን ነው። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና መቅኔም ቶሎ ይከፈላሉ፤ ፀጉር የሚረግፈውና አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ከሁሉ አስጊው የመቅኔው ጉዳት ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ከመርፌው በኋላ በአንድና በሁለት ሳምንት መካከል እጅግ ያንሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በቤታችሁ በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለና ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ በማስታገሻ ክኒን ማብረድ አደጋውን ይሸፍናል።

ዘግይተው የሚመጡ ጉዳቶችም አሉ። መካንነት ሊያስከትል ስለሚችል ልጅ የሚፈልግ ሕመምተኛ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከዓመታት በኋላም በጥቂቶች ላይ የደም ካንሰር ሊከሰት ይችላል፤ ያልገደለው ስፌት በስሕተት ተጠግኖ ይቀራልና።