በመሳቢያ የቀረ መድኃኒት

በየቤታችን በላስቲክ ከረጢት የታጨቀ መድኃኒት አይጠፋም። ሐኪሙ የቀየረው፣ ሕመምተኛው ሲሻለው የተወው፣ አንዳንዴም ያረፈ ዘመድ ትቶት የሄደው ነው። በሌላ ቤት ደግሞ ገንዘብ ስላጠራቸው የአንድ ቀኑን ክኒን ለሁለት ቀን ከፍለው የሚውጡ አሉ። ይህን መናገር ስለሚያሳፍር ለሐኪሙ አይነግሩትም። ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። የደም ግፊት ሳያሳምም ስለሚቆይ ሰውየው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን አንጎልን ወይም ኩላሊትን ከመታ በኋላ ነው።

እነዚህን ሁለት ቤቶች የሚያገናኝ ሥራ በእስራኤል አለ። ኻቬሪም ሊርፉአ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ከሰው የተረፈውን መድኃኒት ይሰበስባል። ፋርማሲስቶች አንድ በአንድ መርምረው፣ መግዛት ለማይችል ሕመምተኛ በሐኪም ማዘዣ በነፃ ይሰጡታል።

«ታዲያ እኔ ራሴ ለጎረቤቴ ብሰጣት ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ቡና ላይ «ለእኔ ጠቅሞኛል፣ አንቺም ሞክሪው» መባባል ለምደናል። በደግነት ነው፤ ነገር ግን አደጋ አለው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ተራ የሚመስል የሕመም ማስታገሻ እንኳ ደም ሊያፈስበት ይችላል። ይህን የሚያውቀው ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ነው።

ለመስጠት የምታስቡት መድኃኒት በራሱ ካርቶን ያለና ቀኑ ያላለፈበት ይሁን። የተከፈተ ሽሮፕና የዓይን ጠብታ አይሆንም። ኢንሱሊን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በበጋ መኪና ውስጥ ከዋለ መልኩ ባይለወጥም ኃይሉ ሊጠፋ ይችላል። በካርቶኑ ላይ ያለውን ስማችሁን አጥፉት። ቀኑ ያለፈበትን ሽንት ቤት አትጣሉት፤ ወደ ፋርማሲ ውሰዱት።

የቸገራችሁ ግን ከሁሉ በፊት መብታችሁን ጠይቁ። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ይታቀፋል። በጤና ቅርጫቱ ላለ መድኃኒት የምንከፍለው ከፊሉን ነው፤ ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰውም ክፍያው ጣሪያ አለው። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የሚያገኙ አረጋውያን ግማሽ ቅናሽ ይገባቸዋል። በደረሰኙ ላይ ቅናሹ ካልታየ ጸሐፊዋን ጠይቁ። ከቅርጫቱ ውጭ የታዘዘ መድኃኒት ነው ብዙ ቤት የሚያናጋው፤ ያን ጊዜ ለሐኪሙና ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ በግልጽ ንገሩ፣ ከበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር እንዲያገናኟችሁም ጠይቁ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ያን ከረጢት ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱ። ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ልጁ ይሸማቀቃል፣ እናንተም «ገንዘብ የለኝም» ለማለት በፊቱ ታፍራላችሁ።