ከቀለሙ በፊት ምድጃው

ጥያቄ፦ የካዛንቺስ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ፈርሶ ብንበታተንም እድራችን አለ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው አዋቂዎች የሚኖሩበትን ቤት ለማሻሻል ገንዘብ ልናሰባስብ ነው። በምን እንጀምር?

መልስ፦ እድራችሁ ባለመበተኑ ደስ ብሎኛል። በቅድሚያ ቤቱን ዞራችሁ እዩት። ቀለሙና ሶፋው ይቆይ፤ እዚህ ቤት የሚያስፈራው እሳት ነው። የቡናው ከሰል ምድጃ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ሰው ድንገት ሲወድቅ እጁ ወይም ፊቱ ፍሙ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ምድጃው ከፍ ይበል፤ ዙሪያውንም ይከለል። የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀው ሰው ራሱ በገላው ይዘጋዋል። ተደራራቢ አልጋ ፈጽሞ አይግባ።

ቀጥሎ የመድኃኒት መጠባበቂያ ያዙ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው እየደጋገመ ይጥላል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል።

ገንዘቡ በደረሰኝ፣ ሁለት ሰው በሚፈርምበት ሒሳብ ይግባ። ቤቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ በሕግ ገንዘብ ማሰባሰብ ይችላል። አንድ አደራ አለኝ፦ ሰው ሲጥለው የተነሳ ፎቶ ለማሳዘን ብላችሁ አትለጥፉ። ይልቅ ክብሪት ማሽተት እንደማይረዳ ንገሩና የወደቀን ሰው በጎን ማስተኛትን ለገንዘብ ማሰባሰቡ ለመጣው ሰው አሳዩ።