ሊማር እየሮጠ የመጣን ተማሪ አትመልሱት



የዛሬው ማስታወሻችን በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ በረዳት መምህርነት ለምትሠሩና ታናናሾቻችሁን ሒሳብ ለምታስጠኑ ወንድሞችና እህቶች ነው።

እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለ ግቢ ከሒሳብ ማምለጫ የለም። በካልኩለስ የተንገዳገደ ተማሪ በፊዚክሱም በምህንድስናውም ይንገዳገዳል። ዋናው መምህር ለሙሉ ክፍል አስተምሮ ይወጣል። ተማሪው ደብተሩን ይዞ የሚከተለው ረዳት መምህሩን ነው። ያኔ «ሰዓቱ አልቋል» ማለት ቀላል ነው።

ከማለታችሁ በፊት ግን ልጁ ከየት እንደመጣ አስቡ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የአንድ ልጅ ስንፍና አይደለም፤ ከታች ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ ክፍተት ነው። ክፍተቱን ሊሞላ በራሱ ፈቃድ የመጣ ልጅ ደግሞ ትልቅ እንግዳ ነው።

የሱረቱል ዐበሰን ታሪክ ታውቃላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር እየተነጋገሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም «አስተምሩኝ» ብሎ መጣ። ሰዓቱ አልተመቸም ነበር። ፊታቸውን ስላዞሩበት ግን አላህ ወቀሳ አወረደ። ትምህርቱ ለእኛም ነው፤ ጉጉቱን ይዞ የመጣ ሰው ከታላላቆቹ ጉዳይ ያነሰ ጉዳይ የለውም።

ታዲያ እንዴት እንርዳ?

አንደኛ፣ ከማስረዳት በፊት አዳምጡ። ተማሪው «ኢንተግራል አልገባኝም» ይላል። ደብተሩን ስታዩት ኢንተግራሉን በትክክል ጀምሮ የተሰናከለው ክፍልፋይ ሲደምር ነው። ይህ የሚታየው ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እሱ ራሱ ሲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶው በእሱ እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቀመር አስይዛችሁ ከመስደድ ምክንያቱን አሳዩ። ከ1,200 ዓመታት በፊት ገደማ በባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ፣ «አልጀብራ» የሚለው ስም የተወሰደበትን መጽሐፍ የጻፈው ሰዎች በውርስ፣ በንግድና በመሬት ልኬት እንዲጠቀሙበት ነበር። ከታወቁት ጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የራሱ 10 እጥፍ ሲደመርበት 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?

ወረቀት አውጡ። ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ሣሉ። 10ን ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ጎኖቹ ላይ 5 ስፋት ያላቸው ቁራጮች ለጥፉ። እስካሁን የተሣለው ስፋት በጠቅላላ 39 ነው። ጥግ ላይ 5 በ5 የሆነ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ 25 ማለት ነው። ስትሞሉት 64 ይሆናል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ 3። አረጋግጡ፦ 9 ሲደመር 30፣ 39። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋው እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ አማናውን ጠብቁ። የቤት ሥራውን ሠርታችሁ አትስጡት፤ የፈተናውንም ጥያቄ አትጠቁሙ። ይህ እርዳታ ሳይሆን የሌሎችን ሐቅ መንካት ነው። ሴት ተማሪዎችን ስታስረዱ በሩ ክፍት፣ ቦታው ሰው የሚያየው ይሁን። ደፍሮ ለሚጠይቀው ብቻ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ ለሚያመነታውም «ና፣ ግባ» በሉት።

የራሳችሁም ትምህርት፣ ቤተሰባችሁም በእናንተ ላይ ሐቅ አላቸው። ሁልጊዜ ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ቁረጡና ለሁሉም አሳውቁ። የታወቀች አንድ ሰዓት «ስመቸኝ እጠራሃለሁ» ከሚል ቃል ትበልጣለች።

በየገጠሩ ደረሳዎች ሲቀሩ የበሰለው ጀማሪውን ያስቀራል፤ ዕውቀት ከእኛ የደረሰው እንዲህ እየተቀባበሉት ነው። ዛሬ ደብተር ይዞ የቆመው ልጅ ነገ ሌላውን ያስቀምጣል።

እስቲ በዚህ ሳምንት አንድ ተማሪ ስሙን ጠርታችሁ «የቱ ጋ ነው የከበደህ?» በሉት።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንጠቅም ያድርገን። አሚን።