የመንገደኛው ሐቅና የባለሀገሩ አቅም

ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር በስምንተኛ ደረጃ ያስቀመጠው «ኢብኑ ሰቢል»ን፣ ማለትም መንገድ ላይ ስንቁ ያለቀበትን መንገደኛ መሆኑን ውድ አንባቢያን ታውቃላችሁ። ስለ መንገደኛ ሐቅ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ተቀባዩ አቅም ግን እምብዛም አይነሣም። ለመሆኑ መንገደኛው የሚያልፍበት መንደር ራሱ ውኃ የቸገረው ቢሆንስ? ሐቁን የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከእኛ ርቆ በሚገኝ አንድ ሕዝብ ታሪክ በኩል ልመረምረው እወዳለሁ።

ቶሆኖ ኦኦዳም በአሜሪካ አሪዞናና በሜክሲኮ ሶኖራ የሚኖር ነባር ሕዝብ ነው። የስሙ ትርጉም «የበረሃ ሕዝብ» ማለት ነው። በ1853 በተፈረመው የጋድስደን ውል አሜሪካ ከሜክሲኮ መሬት ስትገዛ አዲሱ ድንበር ይህን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው፤ ሐሳቡን የጠየቀው ግን አልነበረም። ዛሬ የሕዝቡ አባላት ከ30,000 በላይ ሲሆኑ በአሜሪካ በኩል የተከለለላቸው መሬት ከ11,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስፋቱን ብቻ አይቶ «ሀብታም ናቸው» የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ምድሩ በረሃ ነው፤ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ድህነትና የስኳር በሽታም ሕዝቡን ክፉኛ ጎድተውታል።

ይህ ሕዝብ ከሜክሲኮ ጋር የሚዋሰንበት መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1994 የአሜሪካ የድንበር ጥበቃ አዲስ ስልት አወጣ። ይኸውም በከተሞች አካባቢ ያለውን መሸጋገሪያ አጥብቆ በመዝጋት ስደተኛውን ወደ አስቸጋሪው በረሃ መግፋት ነበር። የስልቱ ነዳፊዎች በረሃው ራሱ ሰውን ይመልሳል ብለው አስበው ነበር። ሰው ግን አልተመለሰም፤ መንገዱን ለወጠ እንጂ። በመሆኑም በዚያ ምድር የብዙ ስደተኞች አስከሬን ተገኘ።

ዕዳው የወደቀው በማን ላይ ነው? የቶሆኖ ኦኦዳም መሪዎች ለአሜሪካ ምክር ቤት በሰጡት ምስክርነት ከራሳቸው ካዝና ለድንበር ጉዳይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጡ ተናግረዋል። ለሕዝቡ ሰላም የተቀጠረው ፖሊስ ስደተኛ ፍለጋ ይሰማራል፤ የሟቾች የአስከሬን ምርመራ ወጪም እነርሱን ይነካል። ባለሀገሩ በገዛ መሬቱ በድንበር ጠባቂ እየተያዘ ማንነቱን ይጠየቃል። ደላሎችም ሥራ ያጡትን ወጣቶች በገንዘብ እያባበሉ ለሰው ማመላለሻ ያውሏቸዋል።

በዚህ መሐል በሕዝቡ ውስጥ ከባድ ክርክር ተነሣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ማይክ ዊልሰን የተባለ የዚያው ሕዝብ ተወላጅ በስደተኛ መተላለፊያዎች ላይ የመጠጥ ውኃ ማስቀመጥ ጀመረ። የአካባቢው መሪዎች ተቃወሙት፤ ውኃው ተጨማሪ ሰውና ደላላ ይስባል የሚል ስጋት ነበራቸው። እርሱ ደግሞ ሰው በጥም እየሞተ ዝም ማለት አይቻልም አለ። አንባቢ ሆይ! ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው ትላለህ?

እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ በሦስት ነጥቦች ይታያል። አንደኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጽኑ ያስጠነቀቁት የተረፈ ውኃ እያለው ከመንገደኛ የሚከለክለውን ሰው ነው። እዚህ ላይ «የተረፈ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል፤ ባለውኃው አስቀድሞ ራሱንና ቤተሰቡን ያጠጣል። በጥም ሊሞት የተቃረበን ነፍስ ማዳን ግን ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ነጥብ ዊልሰን ትክክል ነበር።

ሁለተኛ፣ እንግዳም ግዴታ አለበት። መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ መቆየት እንደማይፈቀድለት ተምረናል። የባለሀገሩ ስሞታ ስለዚህ የጭካኔ ምልክት አይደለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የኢብኑ ሰቢል ድርሻ የሚወጣው ከዘካ፣ ማለትም ካላቸው ሰዎች ከሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። በመንገድ ዳር ያለ አንድ ድኻ ብቻውን እንዲሸከመው አልተተወም። በአሪዞና የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስደተኛውን ወደ በረሃ የገፋው ሀብታሙ መንግሥት ሲሆን የውኃው፣ የፖሊሱና የቀብሩ ጣጣ የቀረው ከድኻው ደጃፍ ነው። ሁለቱ ድኾች በአንድ ጀሪካን ውኃ ሲከራከሩ የገፋቸው ወገን ከክርክሩ ውጭ ቆሞ ይመለከታል። በ2025 በዚያ ድንበር የሚሻገረው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ያለፈው ዕዳ ግን ለባለሀገሩ ተከፍሎ አላለቀም።

ይህ ጉዳይ ከእኛም የራቀ አይደለም። ወደ የመን ለመሻገር የሚነሡ በርካታ ወጣቶቻችን በዓፋር ምድር አልፈው እስከ ኦቦክ ጠረፍ ይጓዛሉ። የዓፋር አርብቶ አደር ለከብቶቹ እንኳ በማይበቃ ውኃ ላይ የሚኖር ሕዝብ ነው። እኛ ከተሜዎች ግን ቧንቧ ከፍተን እየጠጣን የመንገደኛውን ሐቅ ለእርሱ ብቻ ትተንለታል። ዘካችንን ስናወጣ በዚያ መንገድ ላይ ያለውን መንገደኛ፣ ጉድጓዱን የሚያካፍለውንም ድኻ አርብቶ አደር እናስብ። ለአንዱ ውኃ፣ ለሌላው ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ብናደርስ ሁለቱም ሐቃቸውን ያገኛሉ።

ወላሁ አዕለም።