የጊዜ ድልድል በኮሚክ ታሪክ ውስጥ፦ ከአራት ገጽ ወደ ረጅም ድርሰት

በአማርኛ የሚዘጋጁ ኮሚኮች ቁጥር ገና አነስተኛ ነው። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» ሥራ ፈላጊ ወጣት ተመራቂን ልዕለ ኃያል አድርጎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአንባቢ አቀረበ፤ «ሀዊ» የተሰኘውም ሥራ ተከተለው። ይህ ጅምር ከሥነ ጽሑፍ አጥኚ ፊት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ያስቀምጣል። በአራት ገጽ የተሟላ ታሪክ መናገር የቻለ ጸሐፊ፣ ያንኑ ታሪክ ወደ ዘጠናና መቶ ገጽ ሲያሳድግ የሚጨምረው ምንድን ነው? የተለመደው መልስ ድርጊት፣ ጠላትና ጉዞ ይጨምራል የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ረጅሙን ኮሚክ ረጅም የሚያደርገው የድርጊት ብዛት ሳይሆን የጊዜ ድልድል መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ለዚህ የቀረበው ማስረጃ ከሩቅ የመጣ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 እኩል ክፈፎች ከፋፍለው፣ ከየሥዕሉ ጋር አጭር የአማርኛ መግለጫ እየጻፉ ሠርተዋል። ታሪኩ ከዘንዶው ግዛት ይነሣል፤ በንግሥቲቱ ጉዞና በምኒልክ መወለድ በኩል አልፎ ከታቦተ ጽዮን መምጣት ይደርሳል። ክፈፎቹ በመጠን እኩል ናቸው፤ የተሸከሙት ጊዜ ግን እኩል አይደለም። እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ረጅም ጉዞ በጥቂት ክፈፎች ያልፋል። የአንዲቱ ሌሊት ጉዳይ ግን፣ ማለትም ቅመም የበዛበት ግብር፣ መሐላው፣ ጥሙ፣ ውሃው፣ የንጉሡ መነሣት፣ በብዙዎቹ ቅጂዎች ተከፋፍሎ ይቀርባል። ሠዓሊው ክፈፉን የሰጠው ርቀቱ ላለበት ሳይሆን ውሳኔው ላለበት ስፍራ ነው፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዚያች ሌሊት ተወስኗልና።

ይኸው ታሪክ በአራት ክፈፍም ይነገራል፤ ዘንዶው፣ ጉዞው፣ ውሃው፣ ታቦቱ። የታሪኩ አጥንት አይጎድልበትም፤ ተመልካቹ ግን አይጠማም። (መግለጫዎቹ ሥዕሉ የሚያሳየውን መልሰው መናገራቸው ለገበያ ሸራ የተገባ ነው፤ የዛሬው ኮሚክ ግን ይህን ልማድ ባይወርስ ይሻለዋል።)

ሐሳቡን በሥራ ለመፈተን ከስምጥ ሸለቆ አንድ ግምታዊ ታሪክ መንደፍ ይቻላል። አዳሚ ቱሉ ከባቱ በስተደቡብ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በአፋን ኦሮሞ «አዳሚ» ቁልቋልን፣ «ቱሉ» ኮረብታን ያመለክታል። የአካባቢው ውሃ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። መቂና ከታር ወደ ዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከላይ የተቀነሰው ሁሉ ታች ይታያል። አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ መሸሹ በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው።

የአራት ገጹ ታሪክ እንዲህ ይታሰብ። አንድ አረጋዊ አርብቶ አደርና የልጅ ልጃቸው ከብት እየነዱ ወደ አብያታ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ገጽ አያቷ «ደርሰናል» ይላሉ። በሁለተኛው አሁንም ይሄዳሉ፤ ከእግራቸው በታች ነጭ የተሰነጠቀ መሬት ነው። በሦስተኛው አያቷ በትራቸውን ተክለው ይቆማሉ፤ በልጅነታቸው ውሃው እዚህ ነበር። በአራተኛው ሐይቁ በሩቅ እንደ ክር ይታያል፤ ልጅቱም «ማን ወሰደው?» ትላለች። ታሪኩ ያበቃል። አጭሩ ቅርጽ የሚሳካው አንድ ጥያቄ አንሥቶ በጊዜ ስለሚቆም ነው።

ለማስረዘም የሚነሣ ጸሐፊ የሚገጥመው የመጀመሪያ ፈተና ለጥያቄው አንድ ወንጀለኛ መፍጠር ነው። የፋብሪካ አለቃ ይሳላል፣ ልጅቱ ታጋልጠዋለች፣ ውሃው ይመለሳል። ይህ ገጽ ይሞላል፤ እውነቱን ግን ያበላሻል። የሐይቁን ውሃ የሚወስደው አንድ እጅ አይደለም፤ የመቂና የከታር መስኖ፣ የዝዋይ ዳር እርሻዎች፣ ከራሱ ከአብያታ ለሶዳ አሽ የሚሳበው ውሃ፣ የሸለቆው ትነት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ጥያቄው ወደ ልጅቱ ቤት ሲገባ ረጅሙ ታሪክ መሠረት ያገኛል። አጎቷ በቡልቡላ ዳር በውሃ ሞተር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይሁን፤ የልጅቱ የትምህርት ቤት ወጪም ከዚያ ሽንኩርት ይምጣ። እንግዲህ «ማን ወሰደው?» ያለችው ልጅ የመልሱ አንድ ክፍል በደብተሯ ውስጥ ነው።

ድልድሉ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለ96 ገጽ የታቀደ ድርሰት (ተሰፍቶ የሚታተም ጥራዝ የገጹ ቁጥር ለአራት ተካፋይ ይሆናል) የሐይቁን የብዙ ዓመት መሸሽ በአምስት ገጽ ብቻ ሊይዘው ይችላል። አያቷ በትር የተከሉበት ያው ስፍራ፣ ከያው አቅጣጫ፣ በታሪኩ ውስጥ ተራርቆ አምስት ጊዜ ይሳላል። «ውሃው ቀነሰ» የሚል መግለጫ አያስፈልግም፤ አንባቢው ገጽ መልሶ እየገለጠ ራሱ ይለካዋል። ነጭ ሻላ ወፎች በሻላ ሐይቅ ደሴት እየተራቡ ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይበሩ የነበረ መሆኑን ለሚያውቅ ሠዓሊ፣ ከአራተኛው ሥዕል ወፎቹን ማጥፋት በቂ ነው። በአንጻሩ አጎትየው ሞተሩን ያስነሣ ወይስ ይተው ብሎ የሚያድርበት አንድ ሌሊት አሥራ አራት ገጽ ይወስዳል። የውሃ ድርሻ ተራው የጎረቤቱ ነው፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ሦስት ቀን አልጠጣም።

ቋንቋውም ለዚህ ድልድል ያግዛል፤ ይህ እስካሁን በቂ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ነጥብ ነው። በአማርኛ ግሥ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አሉታውም ከግሡ ጋር ተጣብቆ ነው የሚነገረው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሦስት ክፈፍ ተከፍሎ ውሳኔውን እስከ ፍጻሜው መደበቅ ይችላል። በመጀመሪያው ክፈፍ አረፋ «ሞተሩን» ይላል፤ ሁለተኛው ክፈፍ ያለ ቃል የማስነሻውን ገመድ የያዘ እጅ ያሳያል፤ በሦስተኛው «አላስነሣም» ይመጣል። ግሥን አስቀድመው የሚናገሩ ቋንቋዎች ይህን ለማግኘት ዓረፍተ ነገሩን ማጣመም አለባቸው። አፋን ኦሮሞም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ ለአዳሚ ቱሉ አንባቢ በቁቤ የሚወጣው እትም የክፈፎቹን ቅደም ተከተል ሳይቀይር ያንኑ ዝምታ ይጠብቃል። የ«አንተ» እና የ«እርስዎ» ልዩነትም መግለጫ ይቆጥባል፤ አጎትየው ጎረቤቱን እስከ እኩለ ሌሊት «አንተ» ሲል ቆይቶ «እርስዎ» ቢለው፣ ቂሙ ያለ ሌላ ቃል ተነግሯል።

የመጨረሻው የዕቅድ ሥራ በእጅ የሚሠራ ነው። ወረቀት አጥፎ ባዶ ጥራዝ መሥራት፣ በየገጹ የአውራ ጣት ያህል ንድፍ መጣል፣ ከዚያም እንደ አንባቢ መግለጥ ያስፈልጋል። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በቀኝ በኩል ይውላል፤ ጥያቄ ከዚያ ገጽ ግርጌ፣ መልስ ደግሞ ገጹ ሲገለጥ ቢገኝ ይመረጣል። በዚህ ንድፍ «አላስነሣም» የሚለው ቃል መጀመሪያ ገጽ 61 ላይ ቢወድቅ፣ አንባቢው ገጽ 60ን እያነበበ ሳለ በዓይኑ ጠርዝ ያየዋል። መፍትሔው ከሌሊቱ በፊት አንድ ገጽ መጨመርና መልሱን ወደ 62 ማሸጋገር ነው። የተጨመረው ገጽ ንግግር የለበትም፤ አጎትየው ጋቢውን ተከናንቦ በጨለማ ወደ ቡልቡላ ዳር ሲወርድ ብቻ ይታይበታል።